ከሠላሳ አንድ ቀጥሎ አርባ

ጥቅምት 6

ለተከበሩት አጎቴ፣

ሰው ስልሳ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ለዚህ ነገር ብሎ ኦፕራሲዮን ይሆናል? ይህን አልጠየቅሁም ብል ዋሽቼ ነው። ደብዳቤዎን የምሠራበት መጋዘን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ እሱ ነበር፤ ማንም ቢያነበው መጠየቁ አይቀርም። ቀጥሎ ግን ራሴን ታዘብኩት። እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት ከስኳር ጋር ሲታገሉ፣ ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት ስኳሩ የወሰደብዎትን ለማንም ሳይተነፍሱ ሲከርሙ፣ እኔ ስለ ፈተና ውጤቴ ብቻ ስጽፍልዎ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ የዘገየው ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስፌቱ እንዴት ነው? ጤናው ይመለስልዎ፤ ያሳደጉኝ እጆችዎ አይዛሉ። እቴቴንም ይሳሙልኝ። እንዳዘዙኝ ስለዚህ ደብዳቤ ለእሷ ትንፍሽ አልልም።

ከደብዳቤው ጋር የላኩልኝን መመሪያ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። ዶክተሩ ብልት ውስጥ መሣሪያ ቀብሮ፣ አሥር ደቂቃ አስረድቶ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ አስጨብጦ መሸኘቱ አናድዶኛል። ደግነቱ እኔ አለሁ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓቴን በልቶታል፤ አይቆጨኝም። "ቃል በቃል፣ አንዲት ነገር ሳትዘል" ብለውኛልና በየወረቀቱ አናት ላይ የዋናውን ገጽ ቁጥር ጽፌያለሁ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱን የፓምፕ መዝገብ ሲሞሉ እንዳስተማሩኝ። መሃል ላይ ለማስታወቂያ ያህል የገባ ዝባዝንኬ ነገር አለ፤ እሱን ብቻ ትቼዋለሁ። የሚጎድልብዎት ነገር የለም።

ጋሼ፣ እንደ ሜካኒካል መሐንዲስ ስመለከተው ግን እጅግ የሚያምር ሥራ ነው! ሁለት ቱቦ፣ ሆድ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ቋት፣ ከታች በጣት የምትጫን ፓምፕ። ሲጫኗት ውሃው ከቋቷ ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል፤ መልቀቂያዋን ሲነኩ ወደ ቋቷ ይመለሳል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ስድስት የፓምፕ ጣቢያ ያስተዳደረ ሰው ሰባተኛው ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ዶክተሩ ያለው ስድስት ሳምንት እስኪሞላ ግን አይንኩት።

ስለ እኔ እንደሆነ፣ አርባ አንድ የሥራ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ አርባ ሁለተኛው ይሳካል። እስከዚያው ዲግሪዬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ካርቶን ላይ አድራሻ እለጥፋለሁ። አብራኝ የምትለጥፍ አንዲት ልጅ አለች፤ ስለ እሷ ሌላ ጊዜ።

እንዴት እንደሆነ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 24

ለኢንጂነሩ ልጄ፣

መንገድህ አይጣመም፣ የጀመርከው ይሙላልህ፣ ክፉ አይይህ። ምርቃቱን እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ንዴቴ ልግባ።

ትርጉምህ ደርሶኛል። እጅ ጽሑፍህ ሥርዓት ይዟል። እኔም ከመመሪያው አንድ ነገር አላጎደልኩም። ስድስቱን ሳምንት ጠበቅሁ። ዶክተሩ "አሁን ይቻላል" ሲለኝ ልምምድ ጀመርኩ፤ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ የእጅ ሰዓቴን መስታወቱ ሥር አስደግፌ። ከቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ ሠንጠረዥ ለጥፌያለሁ፦ ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደተጫነ፣ እስኪሞላ የፈጀው፣ እስኪመለስ የፈጀው፣ አስተያየት። ፍሳሽ የለም። ግፊቱ ደህና ነው። ስሙን "ጣቢያ ቁጥር ሰባት" ብዬዋለሁ፤ ስም አውጪው አንተ ነህ።

ከዚያ ለሚስቴ በሥርዓቱ አስታወቅኋት። እሑድ ምሳ በልተን፣ ሳህኑ ሳይነሳ፣ "ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሥራ እንጀምራለን" አልኳት።

ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ሪባኑን ማን ይቆርጣል?"

"ቀልዱን ተይው እንጂ።"

"ኧረ ከንቲባው ይጠራ! ቆይ እኔ ምንድን ነኝ? ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅላት ሰፈር ነኝ?"

አሥር ሰዓት ሲሆን ትራሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ አንተ ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ገባች። በሩን ዘጋች። ይኸው ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኗ። አኩርፋ ብትተወኝ እኮ አንድ ነገር ነው! ምሳዬን ታቀርባለች፣ መድኃኒቴን ታስታውሰኛለች፣ ስኳሬን ትለካልኛለች። ለመኝታ ሲሆን በሩ ጠርቀም። መሣሪያውን ደግሞ "ደባሉ" ትለዋለች። ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ፣ "ደባሉ እንዴት አደረ? ኪራይ ከፍሏል?" ትለኛለች። ሰፈሩ ለሠላሳ ዓመት "ጋሽ ቧንቧ" እያለ ሲጠራኝ አልተናደድኩም፤ በገዛ ቤቴ ነው የተናደድኩት።

ምን አጠፋሁ? ይህን ሁሉ ስፌት የቻልኩት ለማን ብዬ ነው? ለጎረቤት ነው?

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። ፓምፑ ድምፅ ያሰማ እንደሆነ ለፋብሪካው ጽፈህ ጠይቅልኝ፤ በግድግዳ አሳልፎ ይሰማኛል ትላለች። ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነም ንገረኝ። ሌላው፣ መሣሪያውን ስለ ማስወጣት የሚል ገጽ ካለ ቁጥሩን ጻፍልኝ። ዶክተሩ ለጥር ሃያ ስምንት ቀጥሮኛል። እስከዚያ በዚሁ ከቀጠለች አስወጣዋለሁ። ሚስት ከመኝታ ቤት ያባረረ መሣሪያ ምን ያደርግልኛል? ያን ካደረግሁ እሷም በክፍሏ፣ እኔም በክፍሌ አረጀን ማለት ነው። ይሁን።

አጎትህ


ታኅሣሥ 11

ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። አክብሮቱን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምለው ስለሚደፍር ነው። ጋሼ፣ "ሥራ እንጀምራለን" ይባላል እንዴ? ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ስለ ሴት የማውቀው ለአንድ ፖስታ አይሞላም፤ እኔ እንኳ እንዲህ እንደማይባል አውቃለሁ!

ፓምፑ ድምፅ የለውም። ፋብሪካውን መጠየቅ አያስፈልግም። የሚሰማት የእርስዎ ቆጠራ ነው። ድሮ ቆጣሪ ሲያነቡ ድምፅዎ ከአጥር ማዶ ይሰማ ነበር፤ አሁንም "አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት..." እያሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያስተጋቡ ይታየኛል። እባክዎ በሆድዎ ይቁጠሩ።

ዋስትናው ገጽ 44 ላይ አለ። ስለ ማስወጣት ግን አይጻፉልኝ። ሁሉ ነገር መላ አለው! አዲስ አንሶላ ይግዙ። ክፍሉን ቀለም ይቀቡ። ሽቶ ይግዙላት። ኢንተርኔት ላይ "የቀዘቀዘ ትዳር ማሞቂያ" የሚል አሥራ ሁለት ምክር አግኝቼ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ በተራ ቁጥር ነው፤ እርስዎ እንደሚወዱት።

ማመልከቻው አርባ ሰባት ደርሷል። አንዱ ድርጅት "እናስብበታለን" ብሎ መልሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም የምነግርዎ ነገር ነበረኝ። በሚቀጥለው እጽፈዋለሁ።

ልጅዎ


ጥር 2

ለኢንጂነሩ፣

ለምርቃት ጉልበት የለኝም። ከባለፈው ደብዳቤ የተረፈህ ካለ እሱን ተጠቀም።

አንሶላ ገዛሁ፤ ነጭ። "ማን ሞተ?" አለችኝ። ሽቶ ገዛሁ፤ ሁለት ቀን አስነጠሳት። ቀለም ቀባሁ፤ ራሷን አመማት፣ መስኮት ከፍታ ስትኖር ጉንፋን ያዛት። አሥራ ሁለቱን ምክርህን አንድ በአንድ እየሠራሁ ምልክት አደረግሁባቸው። ዘጠነኛው "ዓይኗን ለረጅም ጊዜ ትኩር ብለህ ተመልከት" ይላል። ተመለከትኩ። "ምነው? ማየት አቃተህ እንዴ? ስኳር ዓይን ውስጥ ይገባል ብለውናል እኮ!" ብላ ወደ ዓይን ሐኪም ልትወስደኝ ነጠላ ጫማዬን አቀረበችልኝ።

ትናንት ለየልን። "አራት ዓመት ጀርባህን ሰጥተኸኝ ተኛህ። ምን ሆነሃል ስልህ 'ምንም' አልክ። አሁን ደግሞ ድንገት ተነስተህ የጥሪ ወረቀት ትልክብኛለህ" አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? የተበላሸ ነገር ተጠገነ። ሲጠገን ሰው ደስ ይለዋል። ጣቢያ ቁጥር ሦስት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተጠግኖ ውሃ ሲለቀቅ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ ነው የወጣው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ገብቶኛል። ያልገባኝ የሴትዮዋ ነው። የእሷን የሚያስረዳ መመሪያ ካለ እሱን ተርጉምልኝ። ከሌለ ተወው። ጥር ሃያ ስምንት ጠዋት ሆስፒታል ነኝ።

አጎትህ


ጥር 4

ለዚያ ለቀልቃላው ልጄ፣

ዕድሜህ ይርዘም፤ ካልሲህን ደርበህ አድርግ። አሁን ወደ ጉዳዬ።

የእኔን እጅ ጽሑፍ ስታይ ትደነግጣለህ። ደንግጥ። አጎትህ ግድግዳ ልቀባ ብሎ የጎተተውን ቁም ሣጥን ቦታው ሳይመልሰው ትቶት ነበር። እኔ ልመልስ ስገፋው ከጀርባው አንድ ክምር ወረቀት ወደቀ። የአንተ ጽሑፍ! መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

እኔ ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ወረቀት ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ምን እንደተጻፈ አይደለም፤ ገጹ መሙላቱን ነው። ጣቴ ሳላዘው ይቆጥራል። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ አርባ። ደግሜ ቆጠርኩ። ከሠላሳ አንድ ቀጥሎ አርባ! እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእኔ እጅ አልፎ ቢሆን አለቃዬ ከነወንበሬ ባወጣኝ ነበር። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ግርጌ ላይ ምን ይላል? "በሚቀጥለው ክፍል ስለ ትዳር ጓደኛዎ እንነጋገራለን።" አርባኛው ምን ብሎ ይጀምራል? "በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ጊዜ መሣሪያው ቢጮህ አይደንግጡ።" እና የትዳር ጓደኛዋ የት ገባች? አውሮፕላን ተሳፈረች? ስምንት ገጽ ሙሉ እኔ የት ሄድኩ?

አጎትህን ጠየቅሁት። "ዝባዝንኬ ነው፣ ልጁ ነግሮኛል" አለኝ። ዝባዝንኬ!

አፍረህ እንደዘለልከው ገብቶኛል። ያሳደጉህን ሰዎች የመኝታ ቤት ጉዳይ መጻፍ ከበደህ። አንተ እኔን ታፍራለህ? አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆንህ፣ አንሶላህን ሰው ሳያይህ ልታጥብ በማለዳ ስትነሳ፣ ባልዲውን ሞልቶ ሳሙናውን አጠገቡ ያስቀመጠልህ ማን ይመስልህ ነበር? ጠንቋይ ነው? አንድ ቀን ቃል ወጥቶኛል?

አንዴ ከጀመርኩ ይውጣልኝ። አራት ዓመት አጎትህ እጄን እንኳ አልነካም። አስጠላሁት ብዬ ነበር የማስበው። መስታወቱን ከመኝታ ቤት አውጥቼ ኮሪደር ላይ የሰቀልኩት ለምን ይመስልሃል? በኋላ "ለቡአ ኦፕራሲዮን ልሆን ነው" ብሎኝ ሆስፒታል ገባ። ቦርሳውን አቅፌ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነርሷ መጣችና፣ የማውቅ መስሏት፣ "እንኳን ደስ አለዎት!" አለችኝ። ለቡአ እንኳን ደስ አለዎት ይባላል? እውነቱን እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ከማላውቃት ልጅ አፍ ሰማሁት። ሳልጠየቅ ተወሰነ፣ ሳልጠየቅ ተሠራ፣ ሳልጠየቅ እሑድ አሥር ሰዓት ተቀጠርኩ።

መሣሪያውን ጠልቼው አይደለም። ፈርቼው ነው። ብነካው ይሰበር፣ ያመው እንደሆነ የነገረኝ የለም። የእኔም ሰውነት እንደ ድሮው አይደለም፤ እሱንም የጠየቀኝ የለም። እኔ የጠፋብኝ ሰውየው ነው። ሰውየው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ግፊትና ስለ ፍሳሽ ያወራኛል።

ጥር ሃያ ስምንት አስወጣለሁ እያለ ነው። ዶክተሩ አንዴ ከወጣ መልሶ ማስገባት ከባድ እንደሆነ ነግሮታል። እልኸኛ ነው፤ ያደርገዋል። ካደረገው በእኔ ያሳብባል፣ እኔም በእሱ። ቀሪ ዕድሜያችንን በግድግዳ ማዶ ለማዶ ሳል ስንለዋወጥ እንኖራለን።

ስምንቱን ገጽ ላክ። በፈጣን ፖስታ። አንዲት መስመር ብትዘል ከነነፍስህ እጠርዝሃለሁ!

እቴቴህ


ጥር 15

ለእቴቴ፣

ሰላም ለማለት ፊት የለኝም፤ ይቅርታዬ ይቅደም።

ዝባዝንኬ አልነበረም። ዝባዝንኬው እኔ ነኝ። ገጽ ሠላሳ ሁለትን ከፍቼ ሁለት መስመር እንዳነበብኩ ዘጋሁት። ዓይኔ ላይ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጋሼ በፒጃማቸው፣ አንቺ መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ "መነጽሬን ያየ" እያልሽ። ቃልም አጣሁ። የማውቀው ቃል ወይ ሰካራም የሚሰዳደብበት ነው፣ ወይ ሐኪም ወረቀት ላይ የሚጽፈው። ባልና ሚስት የሚነጋገሩበትን ቃል ያስተማረኝ የለም። መሐንዲስ ነኝ አልኩና ቱቦና ቫልቩን ተርጉሜ ሰዎቹን ተውኳቸው። ጋሼ "የእሷን መመሪያ ተርጉምልኝ" ብለው ሲጽፉልኝ መመሪያው እጄ ላይ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ፣ ሥራ ስንጨርስ ካርቶን መሃል ተቀምጬ ጀመርኩ። አብራኝ የምትለጥፈው ልጅ ኮቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል አየችኝ። "ምን ሆነህ ነው በብርድ የሚያልብህ?" አለችኝ። "ትርጉም ነው" አልኳት። ዋናውን መጽሐፍ ከእጄ ሳብ አድርጋ ቆማ አነበበች። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። "ሠላሳ አምስተኛውን ገጽ ለእኔም ገልብጥልኝ፤ ለእናቴ እልክላታለሁ" ብላ ወጣች።

እነሆ። ዋና ዋናውን እዚሁ ላስቀድምልሽ፤ ሙሉው ከደብዳቤው ኋላ ተያይዟል፤ አንዲት መስመር አልጎደለም።

ገጽ 32። መሣሪያው ጥንካሬ እንጂ ፍላጎት አይሰጥም፤ ፍቅርም አይሰጥም። እነሱ የሚመጡት ድሮም ይመጡ ከነበረበት ነው። (ጋሼ፣ ይህን ሦስት ጊዜ ያንብቡልኝ።)

ገጽ 33። የትዳር ጓደኛዎ ከቀዶ ጥገናው በፊት አልተማከረች እንደሆነ፣ አሁንም አልረፈደም። ከይቅርታ ይጀምሩ።

ገጽ 34። ብዙ ሚስቶች "ብነካው አሳምመዋለሁ፣ እሰብረዋለሁ" ብለው ይፈራሉ። መሣሪያው ሥራ ላይ ባልሆነበት ሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ ልብስ ለብሳችሁም ቢሆን፣ ፓምፑ የት እንዳለ አብራችሁ ፈልጉት። መሳቅ ይቻላል። እውነቴን ነው እቴቴ፣ "መሳቅ ይቻላል" ይላል፤ እኔ የጨመርኩት አይደለም።

ገጽ 35። የሴቷም አካል በዕድሜ ይለወጣል። ድርቀት ይመጣል፣ ሕመም ይመጣል። ባሏን አልወደደችም ማለት አይደለም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ማለስለሻ አለ፤ ሐኪምም ታማክር።

ገጽ 36 እና 37። ለጥቂት ሳምንታት "ዛሬ ምንም አይደረግም" ብላችሁ ተስማሙ። እጅ ለእጅ መያያዝ፣ ጀርባ መታሸት፣ ተጠጋግቶ መተኛት፣ በቃ። መሣሪያው ሁልጊዜ ዝግጁ ስለሆነ ባልየው ይቸኩላል። ሰው ግን ዝግጁ የሚሆነው በራሱ ጊዜ ነው።

ገጽ 38። ፓምፑን መጫን የባል ሥራ ብቻ አይደለም። ሚስትም ከፈቀደች ትጫነው። ካልፈቀደች ቀኑ ያ አይደለም ማለት ነው።

ገጽ 39 ባዶ ነው። አናቱ ላይ "የምትጠያየቁትን እዚህ ጻፉ" ይላል፤ ሌላው መስመር ብቻ ነው። በማስመሪያ አስምሬ ልኬልሻለሁ።

ይኸው ስምንት። ቁጠሪ።

ከጥር ሃያ ስምንት ቀድሞ ይድረስ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሥራ ገና ነው፤ ሃምሳ ሦስት ደርሰናል።

ልጅሽ


የካቲት 12

ለልጃችን፣

ቤትህ የሰላም ይሁን፣ እንጀራህ ይስፋ፣ ብዕርህ አይዝለል። የመጨረሻዋን ሚስቴ ናት የጨመረችው። አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን ታያለች፤ ስለዚህ ከልቤ መናደድ አልቻልኩም።

ገጾቹ ጥር ሃያ አራት ገቡ። ፖስታውን የከፈተችው እሷ ናት። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ እንደ ተማሪ ፊቷ ተቀምጬ። ሠላሳ ሦስት ላይ ስትደርስ ቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። ይቅርታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ መመሪያው አይናገርም። የእኔ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

"ቡአ ነው ያልኩሽ ፈርቼ ነው" አልኳት።

"ምንን ፈርተህ?"

"እምቢ ብትይኝስ ብዬ።"

"ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር" አለችኝ። "አራቱን ዓመትም ብትነግረኝ ምንም ሳይኖር አብሬህ እተኛ ነበር። ጀርባህ ነው የገደለኝ እንጂ ሌላው አይደለም።"

ልጄ፣ ይህን ስሰማ ሠላሳ ሦስት ዓመት ግፊት መለኪያውን ገልብጬ ሳነብ የኖርኩ መሰለኝ።

ጥር ሃያ ስምንት ሁለታችንም ሄድን። ዶክተሩ ፋይሌን ገልጦ "ለማስወጣት ነው?" ሲለኝ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ገጽ 39! ፊቱን ሞልታ ወደ ጀርባው ተሻግራለች። አሥራ አራት ጥያቄ። ሰውየው መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠረገ። አሥር ደቂቃ የሚሰጠውን ዶክተር አርባ ደቂቃ አስቀመጠችው። ደጅ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች በር ማንኳኳት ጀምረው ነበር። ስንወጣ አንዱ "ምነው ይህን ያህል? ከባድ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። "አይ፣ ከሚስትህ ጋር ና" ብዬው አለፍኩ።

አላስወጣሁትም። አሁን ሠላሳ ስድስተኛው ገጽ ላይ ነን። ከዚያ ወዲያ አትጠይቅ፤ መልስም የለም።

ብዕሩን ነጠቀችኝ።

ከዚህ በታች የእኔ ነው። ትራሴ ቦታው ተመልሷል፤ መስታወቱም። ሠንጠረዡን ከቁም ሣጥኑ በር ላይ አልገነጠልኩትም። "አስተያየት" የሚለው ዓምድ ባዶ ስለነበር እኔ እሞላዋለሁ። ትናንት "ብዙ ያወራል" ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ "ደባሉን ሰላም በልልኝ" ብለው ሻዩ ትን ብሎት ጀርባውን መታሁለት። እጄን እዚያው ተውኩት። አላነሳልኝም።

ስምንቱን ገጽ ከሌላው ጋር በክር ጠርዤዋለሁ፤ ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ጀርባው አይላቀቅም። አሁን ሙሉ መጽሐፍ ነው።

ወደ አንተ ልምጣ። አጎትህ የደበቃቸውን ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቶ ሰጠኝ፤ በቀናቸው ደረደርኳቸው። ጥቅምት ላይ "አብራኝ የምትለጥፍ አንዲት ልጅ አለች፤ ስለ እሷ ሌላ ጊዜ" ትላለህ። ታኅሣሥ ላይ የለችም። ጥር ላይ ብቅ አለችና፣ ማንም የሚስቅበትን ነገር ሳትስቅ አንብባ፣ ለእናቷ አስባ፣ ኮቷን ለብሳ ወጣች። ከዚያስ? ወጥታ የት ሄደች? አንተስ ምን አልካት? ለማታውቃቸው አለቆች ሃምሳ ሦስት ማመልከቻ የጻፍክ ልጅ አጠገብህ ለቆመችው አንድ ቃል አጣህ? ኧረ በስመ አብ! አጎትህም እንዲሁ ነው የጀመረው፤ ዝም በማለት።

ገጽ ይጎድላል፣ ልጄ። ቆጥሬአለሁ። ሄደህ ጠይቃት፤ እምቢ ካለችህም እምቢታዋን ጻፍ፣ አትዝለለው። የምታፍርበት ቃል ካለ እንዳለ አድርገው። እኔና አጎትህ አብረን ነው የምናነበው፤ በሩ ክፍት ነው። በሚቀጥለው ፖስታ ይድረሰን።

እቴቴህ እና አጎትህ